«የሞላ ጠመንጃ» ወይስ «የተሞላ ጠመንጃ»? — ስለ አየር ጠመንጃ ሙያዊ ቃላት

መግቢያ

የሙያ ቃላት ስየማ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጡት ታላላቆቹ የሳይንስ ዘርፎች ናቸው። ተርጓሚን በየዕለቱ የሚያስቸግሩት ቃላት ግን ከዕቃ ጋር ተጠቅልለው በሚመጡ አነስተኛ የአጠቃቀም መመሪያዎች ውስጥ የሚገኙት ናቸው። የፊዚክስ መጽሐፍ አንባቢ አንድ ቃል ቢያደናግረው ገጹን መልሶ ያነባል፤ የመመሪያ አንባቢ ግን እጁ ዕቃው ላይ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ አንድ ውሱን ነገር መርጠን፣ በታመቀ አየር የሚሠራውን ጠመንጃ ቃላት እንመረምራለን። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በቃላቱ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ጣት ሊሰብር፣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ለማብራራት እንዲያመቸን አንድ ባለንብረት እናስብ። ይህ ሰው ነዋሪነቱ በጎንደር ከተማ ነው። አፈሙዙ እየታጠፈ የሚጎርስ የአየር ጠመንጃ ለብዙ ዓመታት ይዞ ኖሯል፤ በጓሮው ቆርቆሮ አቁሞ ዒላማ ይለማመድበታል። አሁን ይህን ትቶ አየሩ አስቀድሞ ወደሚታመቅበት ዓይነት ሊሸጋገር አስቧል፤ የአዲሱንም መመሪያ እንዲተረጎምለት ለአንድ ተርጓሚ ሰጥቷል። ተርጓሚው በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚገጥመውን ችግር ደረጃ በደረጃ እንከተል።

1. አማርኛ ለጠመንጃ ቃላት ያገኘበት መንገድ

አማርኛ በዚህ መስክ ድኻ አይደለም። ቃላቱ ግን በአንድ በር የገቡ አይደሉም። «ነፍጥ» ከዐረብኛው «ነፍጥ» የመጣ ሲሆን፣ በመሠረቱ የሚቀጣጠል ዘይትን የሚያመለክት ነበር፤ ቆይቶ ለባሩድ፣ ከዚያም ለመሣሪያው ሆነ። «ጠመንጃ» ከቱርክኛ የተወረሰ ነው፤ በምንጭ ቋንቋው የሚጠራው ግን አጭሩን የእጅ መሣሪያ ነው። «መትረየስ» ከፈረንሳይኛ መጥቷል። ሌሎቹ ከሠሪያቸው ስም ተወስደዋል፦ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በቅርቡም ክላሽ። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የወጣው የእንግሊዝ ጦር ታጥቆት የነበረው ስናድር ስሙን እስከ ዛሬ በቋንቋችን ውስጥ ትቶ ሄዷል።

ከውርሱ ጎን ለጎን ቋንቋው ከራሱ ሥር ያፈለቃቸው ቃላት አሉ። «ሽጉጥ» ከ«ሸጎጠ» ወጥቷል፤ ዕቃው ምን እንደሚመስል ሳይሆን የት እንደሚያዝ ይናገራል። ጥይት ማስገባት «ማጉረስ» ተብሏል፤ የገበታ ቃል ነው፤ ጠመንጃውን አፍ እንዳለው እንግዳ ያደርገዋል። በደጋው ገበሬ ልጅ ከሰብሉ ወፍና ጭላዳ የሚያባርርበት ወንጭፍም «ተወንጫፊ» የሚለውን ቃል ሰጥቶ እስከ ሚሳይል ድረስ ወጥቷል። ከዚህ የምንማረው፣ ቋንቋው ለአዲስ ዕቃ ስም ሲፈልግ ከማጀትና ከማሳ ቃል ለመውሰድ ፈጽሞ አፍሮ እንደማያውቅ ነው። ለያዝነውም ጉዳይ መነሻችን ይኸው ልማድ ይሆናል።

2. ዕቃዎቹ የሚሠሩበት መንገድ

ስም ከመስጠት በፊት ነገሩን ማወቅ ግድ ነው።

ተራ ጠመንጃ አረሩን የሚገፋው ባሩድ ሲቃጠል በሚፈጥረው ጋዝ ነው። የአየር ጠመንጃ ግን አንዳች ነገር አያቃጥልም፤ አረሩን የሚገፋው የታመቀ አየር ነው። ልዩነቱ አየሩ የሚታመቀው መቼ ነው የሚለው ነው።

በመጀመሪያው ዓይነት በመሣሪያው ውስጥ ፒስተንና ጠንካራ ጥቅል ሽቦ አለ። ተኳሹ አፈሙዙን እንደ ማንሻ ተጠቅሞ ወደ ታች ሲያጥፈው ፒስተኑ ወደ ኋላ ይሳብና ጥቅል ሽቦው ይወጠራል። በተከፈተው የአፈሙዝ ሥር አንዲት ትንሽ የእርሳስ አረር ይገባል፤ አፈሙዙም ተመልሶ ይዘጋል። ምላጩ ሲሳብ ጥቅል ሽቦው ይለቀቅና ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ በፊቱ ያለው አየር በቅጽበት ይታመቅና አረሩን ይገፋል። እንግዲህ በዚህ ዓይነት አየሩ የሚታመቀው በተኩሱ ቅጽበት ነው፤ ከዚያ በፊት በመሣሪያው ውስጥ ያለው አየር በደጅ ካለው አየር አይለይም።

በሁለተኛው ዓይነት አየሩ ከብዙ ተኩስ በፊት በእጅ ፓምፕ፣ በመጭመቂያ ወይም ከትልቅ ሲሊንደር ወደ መሣሪያው ማከማቻ ይገባል። የተለመደው መጠን 200 ባር ያህል ሲሆን፣ እስከ 300 ባር የሚደርሱም አሉ። ምላጩ ሲሳብ አንዲት መዶሻ ቫልቩን ትመታለች፤ ቫልቩ ለቅጽበት ተከፍቶ ተመጥኖ የወጣው አየር አረሩን ይገፋል። አንድ ሙሌት ለብዙ ተኩስ ይበቃል።

ባለንብረታችን ወደ ሁለተኛው ለመሸጋገር የፈለገበት ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል። የፊተኛው ፒስተን ሲወረወር መሣሪያው አረሩ ከአፈሙዙ ሳይወጣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይነዝራል፤ ስለዚህ አያያዙ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። የኋለኛው እምብዛም አይነቃነቅም። በአንጻሩ የፊተኛው ከራሱ ሌላ ምንም አይፈልግም፤ የኋለኛው ግን ፓምፕ፣ መለኪያና አየር የማያሳልፍ ማሸጊያ የግድ ይሻል።

እዚህ ላይ ተርጓሚው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። የኋለኛውን «ዘመናዊ»፣ የፊተኛውን «የድሮ» ብሎ መሰየም ታሪክን ይገለብጣል። የኦስትሪያ ጦር ከ1780 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታጠቀው የጂራርዶኒ ጠመንጃ አየሩን በሰደፉ ውስጥ ያከማች ነበር፤ ለመሙላትም 1,500 ያህል የፓምፕ ምት ይጠይቅ ነበር። በአንጻሩ ባለ ጥቅል ሽቦው የተስፋፋው ከ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ነው። ስለዚህ ስያሜው በዕድሜ ሳይሆን በአሠራር ላይ መመሥረት አለበት።

ኃይሉ ከሚገፋው እንጂ ከሚገፋበት ዕቃ ክብደት ብቻ እንደማይመጣ ጎንደር ራሷ ከጥንት የምትታወቅበት ምስክር አላት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. በጎንደር ቤተ መንግሥት ሳለ፣ በጠመንጃው ውስጥ የጧፍ ሳይሆን የሞራ ሻማ ቁራጭ አጉርሶ ሦስት ጋሻ እንደ በሳ፣ ከዚያም የዋርካ እንጨት ገበታ እንደ በሳ በመጽሐፉ ተርኳል። ለስላሳ ሞራ ጋሻ ከበሳ፣ «የአየር ነው፤ ምን ያደርጋል?» የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም።

3. የ«ሞላ» ችግር

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። የመጀመሪያው ዓይነት ልብ የሆነው ጥቅል ሽቦ በየጋራዡ «ሞላ» ይባላል። ቃሉ ጣልያንኛ ነው፤ ከ«ጎማ»፣ ከ«ጎሚስታ»፣ ከ«ካቻቪቴ» ጋር በአንድ ጎዳና የገባ፣ መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው። በሌላ በኩል የሁለተኛው ዓይነት ዋና ባሕርይ አየር መሞላቱ ነው፤ ግሡም «ሞላ» ነው። ሁለቱ ቃላት በምንጭ አይገናኙም፤ በፊደልም በድምፅም ግን አንድ ናቸው። «ላ» በሁለቱም ጠብቆ ስለሚነገር ንባብ እንኳ አይለያቸውም።

ከዚህ የተነሣ «የሞላ ጠመንጃ» የሚለው ሐረግ ሁለት ፍጹም ተቃራኒ ነገሮችን ይናገራል። «የ» አገናዛቢ ከሆነ «ሞላ ያለበት ጠመንጃ» ማለት ነው፤ ይህም የመጀመሪያው ዓይነት ነው። «የ» አንጻራዊ ከሆነ «ሙሉ የሆነ ጠመንጃ» ማለት ነው፤ ይህም የሁለተኛው ዓይነት ነው። ተርጓሚው የሚለያቸው ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ ሐረግ ውስጥ ተጨፍልቀዋል ማለት ነው። «ሞላው ሲደክም ይቀየር» የሚለውን ምክር አንዱ «ሽቦው ሲዝል» ብሎ ይረዳዋል፤ ሌላው አየሩ ሲቀንስ ምን መቀየር እንዳለበት ግራ ይገባዋል።

መፍትሔው «ሞላ»ን ከጋራዥ ቋንቋ ማባረር አይደለም፤ የሠራተኛ አፍ የለመደውን ቃል የጽሕፈት ክፍል ሊያግደው አይችልም። የሚቻለው ቅጥያውን መወሰን ነው። «ባለ» ስም እንጂ ግሥ አይቀበልም፤ ስለዚህ «ባለ ሞላ» ሲባል ሁልጊዜ ጥቅል ሽቦው ብቻ ይታያል። «የሞላ» ግን በዚህ መስክ በጭራሽ መጻፍ የለበትም።

ለሁለተኛው ዓይነት የቀረቡልን አማራጮች ሦስት ናቸው። «ቻርጅ የተደረገ» ለስልክና ለባትሪ የተያዘ ስለሆነ አንባቢው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ይፈልጋል። «ቅድመ ሙሌት» ጥሩ አወራረድ አለው፤ «ሙሌት» የሚለው ስምም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በታላቁ የሕዳሴ ግድብ የውሃ ሙሌት ምክንያት በሕዝብ አፍ ገብቷል። ነገር ግን የድርጊቱ ስም እንጂ የዕቃው ስም ለመሆን አይመችም። «ቅድመ እምቅ» ከሁለቱ ይሻላል እንላለን። ሁለቱም ዓይነቶች አየር ያምቃሉ፤ የሚለዩት በጊዜ ነው፤ ጊዜውንም «ቅድመ» በትክክል ይናገራል። «እምቅ» ደግሞ «እምቅ ኃይል» በሚለው ሐረግ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅን ነገር ስለሚያመለክት፣ በመደርደሪያ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠው መሣሪያ ውስጡ ዝም እንዳላለ አንባቢውን ያስጠነቅቃል።

4. «ሰባራ»፣ «ታጣፊ» ወይስ «አንገት ደፊ»?

በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ዓይነት የተሰየመው አፈሙዙ ስለሚሰበር ነው። ቃል በቃል የተረጎመ ሰው «አፈሙዘ ሰባራ» ይላል፤ ይህም በአማርኛ ለጥገና የሚሄድ ጠመንጃ ነው። «ታጣፊ» ለጆሮ ይጥማል፤ ግን ተይዟል። በጎንደርም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል «ታጣፊ» ያለ ሰው ሰደፉ የሚታጠፈውን ክላሽ ማለቱ ነው። «አንገት ደፊ» የሚለው ሐሳብ ፈገግ ያሰኛል፤ መሣሪያው በእርግጥ አንገቱን ይደፋል፤ ሆኖም አንገት ደፊነት የትሕትና ስም ስለሆነ ለአደገኛ ዕቃ ማቆላመጫ ይሆንበታል።

እኛ የምንመርጠው የሚታጠፈውን አካል አብሮ መጥራትን ነው፦ ክላሹ «ሰደፈ ታጣፊ»፣ የአየር ጠመንጃው «አፈሙዘ ታጣፊ»። እርግጥ «አፈሙዝ» በጥንቃቄ ሲነገር የጫፉ ስም ነው፤ በልማድ ግን መላውን ቧንቧ ስለሚሸፍን ለዚህ ይበቃል።

አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች እናቅርብ። «አፈሙዘ ታጣፊ» እና «ቅድመ እምቅ» በአንድ መሥመር የሚቆሙ ተቃራኒዎች አይደሉም። የመጀመሪያው ሞላው የሚወጠርበትን መንገድ ይናገራል፤ ሁለተኛው የኃይሉን ምንጭ። ተቃራኒዎቹ «ባለ ሞላ» እና «ቅድመ እምቅ» ናቸው። በ«ባለ ሞላ» ሥር ደግሞ «አፈሙዘ ታጣፊ» እና አፈሙዙ ሳይነቃነቅ በሌላ ዘንግ የሚወጠረው «ባለ ማንሻ» ይገባሉ። የባዕዱ ቋንቋ ልማድ ሁለቱን መሥመሮች ቢደባልቅ የእኛ መዝገብ ሊደባልቅ አይገባም።

5. ሦስቱ ሁኔታዎች

በተራ ጠመንጃ «የጎረሰ» እና «ያልጎረሰ» የሚሉት ሁለት ቃላት ለጥንቃቄ ይበቃሉ። «አቀባበለ» ሲባልም ጥይቱ ከመቀመጫው መግባቱና መሣሪያው ለመተኮስ መዘጋጀቱ በአንድነት ይታሰባል። በቅድመ እምቅ ጠመንጃ ግን ሦስት ሁኔታዎች ተለያይተው ይቆማሉ፦ አየር ሊኖረው ይችላል፤ መዶሻው ሊወጠር ይችላል፤ አረር ሊጎርስ ይችላል። አንዱ ያለ ሌላው ሊሆን ይችላል። ባለንብረቱ አረሩን አውጥቶ «ባዶ ነው» ቢል በማከማቻው ውስጥ 200 ባር አየር ሊኖር ይችላል። ማሸጊያ ለመቀየር ብሎን መፍታት የጀመረ ሰው «ባዶ» የሚለውን ቃል አምኖ ቢጀምር ክፍሎቹ ወደ ፊቱ ይወረወራሉ።

ስለዚህ «ጎረሰ» ለአረር ብቻ፣ «ተወጠረ» ለሞላና ለመዶሻ ብቻ፣ «ተሞላ» ለአየር ብቻ እንዲሆን እናሳስባለን። «ወጠረ» ከከበሮና ከክራር ጋር የኖረ ግሥ ስለሆነ ተስቦ የሚጠብቅን ኃይል በሚገባ ያሳያል። «ባዶ» የሚለው ቃል ከምን ባዶ እንደሆነ ሳይነገር ብቻውን አይጻፍ። «ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ» የሚለው ዓረፍተ ነገር መልካም አማርኛ ነው፤ መልካም መመሪያ ግን አይደለም። መሆን ያለበት፦ «በአፈሙዙ አረር አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ መዶሻው አለመወጠሩን ያረጋግጡ፤ ከዚያም አየሩን ሙሉ በሙሉ ያስወጡና መለኪያው ዜሮ ማሳየቱን ይመልከቱ»።

በአፈሙዘ ታጣፊው ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። አፈሙዙ ተከፍቶ ሳለ ምላጩ ቢነካ በኃይል ተመልሶ ይዘጋል፤ አረር የምታስገባውን ጣት ይሰብራል። «ከፍተው ያጉርሱ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ «አፈሙዙን በአንድ እጅ አጥብቀው ይዘው በሌላው ያጉርሱ» መባል አለበት።

6. አየር፣ ጋዝ፣ ኦክስጅን

የታመቀ አየርን «ጋዝ» ብሎ መተርጎም በፊዚክስ አያሳፍርም። ነገር ግን በከተማው ገበያ «ጋዝ» ሲባል የሚታሰበው ነጭ ጋዝ ወይም የማብሰያው ቡታ ጋዝ ነው። ከዚህ የባሰው በሲሊንደር የታሸገን አየር ሁሉ «ኦክስጅን» የማለት ልማድ ነው። ኦክስጅን በከፍተኛ ግፊት ከዘይትና ከግራሶ ጋር ሲገናኝ በራሱ ሊፈነዳ ይችላል። መመሪያው «አየር» እያለ ተርጓሚው «ኦክስጅን» ቢጽፍ፣ ባለንብረቱ ወደ ብየዳ ቤት ሄዶ የሚያስሞላው ሞቱን ነው። ስለዚህ «ንጹሕና ደረቅ አየር» ይባል፤ ቀጥሎም «ኦክስጅን በጭራሽ አይሙሉ» የሚለው ራሱን ችሎ ይጻፍ።

የመለኪያ ስምም እንዲሁ ነው። ጎሚስታ የሚነፋው የመኪና ጎማ ከ2 እስከ 2.5 ባር ያህል ይይዛል፤ መሣሪያው ግን 200 ባር ይሻል። ቁጥሩን ብቻ ጽፎ «ባር»ን የተወ ተርጓሚ፣ 200ውን በፒ.ኤስ.አይ. በተቆጠረ መለኪያ ላይ ለሚያነብ ሰው ከ14 ባር ያልበለጠ ይነግረዋል። በተገላቢጦሹ ያለው ስሕተት ግን ከዚህም የከፋ ነው።

የአገሩ ከፍታም ከትርጉም ሥራ ውስጥ ይገባል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። በጎንደር አየሩ ከባሕር ጠረፉ ከአንድ አምስተኛ በላይ፣ በደባርቅ ከአንድ አራተኛ በላይ የሳሳ ነው። ባለ ሞላው ጠመንጃ የሚያምቀው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ በመመሪያው የተጻፈውን ፍጥነት ላይሰጥ ይችላል። የቅድመ እምቁ ግን 200 ባር ከደረሰ ደረሰ፤ ልዩነቱ በድካሙ ላይ ነው። በባሕር ጠረፍ 100 የፓምፕ ምት የሚጠይቅ ሙሌት፣ በግርድፍ ስሌት በጎንደር ወደ 130፣ በደባርቅ ወደ 140 ይጠጋል። እንግዲህ ተርጓሚው የምቱን ቁጥር ብቻ ይዞ መቅረት የለበትም፤ አንባቢውን ወደ ግፊት መለኪያው መምራት ይኖርበታል።

7. «ተኮሰ» ይቅር ወይ?

አንዳንዶች «ተኮሰ» እሳትንና ትኩሳትን ስለሚይዝ እሳት ለሌለው መሣሪያ አይገባም ይላሉ፤ በምትኩ «አስፈነጠረ» ወይም «ወረወረ» እንዲባል ይጠይቃሉ። በሥነ ቃል ትክክል ናቸው። ልብስም ቁስልም የሚተኮሰው በጋለ ነገር ነው። ነገር ግን የቃል ሥር የቃል ዕጣ አይደለም፤ «ነፍጥ» ዘይት መሆኑ እንደ ተረሳ ሁሉ የ«ተኮሰ»ም እሳት በዚህ መስክ ቀዝቅዟል። ሰው «ተኩስ» ሲሰማ ዘወር ይላል፤ «ማስፈንጠር» ሲሰማ ግን ልጆች የሚጫወቱ ይመስለዋል። በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በ1984 እ.ኤ.አ. የገባውም ውድድር ቢሆን የተኩስ ውድድር ነው። ስለዚህ «ተኮሰ»ንም «ጠመንጃ»ንም እንዳሉ እንዲቀሩ እንመርጣለን።

በተመሳሳይ ምክንያት ስያሜ ፈቃድ አለመሆኑን እናሳስባለን። ተርጓሚው «መጫወቻ» ወይም «የስፖርት ዕቃ» ብሎ ስለ ጻፈ መሣሪያው ከጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥያቄ አያመልጥም፤ ባለንብረቱ ከመያዙ በፊት የሚመለከተውን አካል መጠየቅ ይኖርበታል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም አውሬ ማደን በማናቸውም መሣሪያ የተከለከለ ነው።

8. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

የአየር ጠመንጃ፦ አረሩን በታመቀ አየር የሚገፋ ጠመንጃ።
ባለ ሞላ፦ በተኩስ ቅጽበት ሞላና ፒስተን አየሩን የሚያምቁበት ዓይነት።
አፈሙዘ ታጣፊ፦ ሞላው አፈሙዙን በማጠፍ የሚወጠርበት ባለ ሞላ።
ባለ ማንሻ፦ ሞላው በተለየ ዘንግ የሚወጠርበት ባለ ሞላ።
ቅድመ እምቅ፦ አየሩ አስቀድሞ ታምቆ በማከማቻ የሚቀመጥበት ዓይነት።
ሙሌት፦ አየርን ወደ ማከማቻ የማስገባት ተግባር።
መወጠር፦ ሞላን ወይም መዶሻን ስቦ ማቆየት።
ማጉረስ፦ አረርን በአፈሙዙ ሥር ማስገባት።
አረር፦ ቀለህና ባሩድ የሌላት፣ ወገበ ቀጭን ትንሽ እርሳስ። «ጥይት» ለሙሉው፣ ባለ ቀለሁ ይቆይ።

እነዚህን ስያሜዎች ያቀረብነው የመጨረሻ ቃል አድርገን አይደለም። በተለይ በጋራዥና በብየዳ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ከእኛ የተሻለ ቃል በአፋቸው ይዘው ሊሆን ይችላል፤ ተርጓሚ ወደ መዝገበ ቃላት ከመሄዱ በፊት ወደ እነርሱ ቢሄድ አይጎዳም። አንባቢያን አስተያየታቸውን ሲልኩልን ቃሉ የተሰማበትን ቦታና የተነገረበትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አብረው እንዲጽፉልን እንለምናለን፤ «ሞላ»ን ብቻ ጽፎ የላከልን ሰው የትኛውን እንዳለ ልናውቅ አንችልምና።